የመርከብ ወገብ፡- ግዙፎቹ የውቅያኖስ ተሳፋሪ መርከቦች እንዴት ጠነከሩ?

ስለ ትልልቅ የተሳፋሪ መርከቦች ሲነሳ ለብዙዎቻችን ቀድማ ትዝ የምትለን ታይታኒክ ናት፡፡ የበረዶ ግግሩን፣ የነፍስ አድን ጀልባዎቹን ማነስና የዚያችን ሌሊት ቅዝቃዜ በፊልም ያላየ ጥቂት ነው፡፡ እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ማንሳት የፈለግኩት ከዚያች ሌሊት በፊት ያሉትን 75 ዓመታት ነው፡፡ አትላንቲክን እንድታቋርጥ ታስባ የተሠራችው የመጀመሪያዋ የእንፋሎት መርከብ በ1837 ወደ ውኃ ስትወርድ 72 ሜትር ገደማ ርዝመት ያላት የእንጨት መርከብ ነበረች፡፡ በ1912 የሰጠመችው ታይታኒክ ደግሞ 269 ሜትር የምትረዝም የአረብ ብረት ከተማ ነበረች፡፡ በሁለቱ መካከል ምን ተጨመረ? ማን ጨመረው? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ከታወቀ በኋላ ምን ተጣለ? (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡)

መርከብ እንደ ቢም

ነገሩን ለመረዳት የመርከብ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፡፡ ቤት ያሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፡፡ በሁለት ምሰሶዎች ላይ የተጋደመ ቢም ሲጫን መሀሉ ወደ ታች ይረግባል፡፡ ያን ጊዜ የታችኛው ክፍል ይወጠራል፣ የላይኛው ይጨመቃል፡፡ በቢሙ መሀል ፌሮው ወደ ሆዱ የሚበዛው ለዚህ ነው፡፡ ቢሙ ከምሰሶው አልፎ እንደ በረንዳ ሲንጠለጠል ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የሚወጠረው ላይኛው ክፍል ይሆናል፣ ፌሮውም ወደ ላይ ይወጣል፡፡

ባሕር ላይ ያለች መርከብ ሁለቱንም ናት፤ ያውም በየጥቂት ሴኮንዱ እየተፈራረቀ፡፡ ሞገድ መሀሏን ሲያነሳት ፊትና ኋላዋ ይንጠለጠላሉ፤ ላይኛው ወለል ይወጠራል፣ ሆዷ ይጨመቃል፡፡ ሞገዱ አልፎ ሁለቱን ጫፎቿን ሲሸከም ደግሞ ወገቧ ይረግባል፤ የተወጠረው ይጨመቃል፣ የተጨመቀው ይወጠራል፡፡ አንዲት መርከብ በአንድ የአትላንቲክ ጉዞ ይህን በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ትቋቋማለች፡፡ ርዝመቷ በጨመረ ቁጥር ደግሞ ወገቧ ላይ የሚያርፈው ጭንቀት ይጨምራል፡፡ የሞተሩ ጉልበት፣ የመመገቢያ አዳራሹ ውበትና የጉዞው ፍጥነት ሁሉ የሚቆሙት በዚህ ወገብ ላይ ነው፡፡

የእንጨት መርከብ ችግር እንጨቱ ደካማ መሆኑ አልነበረም፡፡ ደካማው መገጣጠሚያው ነበር፡፡ ሳንቃዎቹ በሞገዱ ምት እርስ በርስ ይንሸራተታሉ፣ በመካከላቸው ያለው መድፈኛ ይላላል፣ ውኃ ይገባል፡፡ ከሳንቃ የተሠራ የግቢ በር ከኋላው ሰያፍ ማገር ካልተመታበት ጊዜ ሲያልፍ እንደሚዘም ማለት ነው፡፡ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መሐንዲስ ሮበርት ሴፒንግስ በ1810ዎቹ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ በመርከቡ ጎድን አጥንቶች ላይ ሰያፍ ማጠናከሪያ ጨመረ፡፡ በዚህ ዘዴ የእንጨት መርከቦች ትንሽ ሊረዝሙ ቻሉ፡፡

የብሩኔል ስሌት

ከዚህ በኋላ የምናገኘው ስም የኢሳምባርድ ኪንግደም ብሩኔል ነው፡፡ ብሩኔል የባቡር ሐዲድና የድልድይ መሐንዲስ እንጂ የመርከብ ሠሪ ልጅ አልነበረም፡፡ በእኔ አስተያየት የጠቀመውም ይኸው ነው፡፡ በዘመኑ ብዙዎች በእንፋሎት ብቻ አትላንቲክን ማቋረጥ አይቻልም ይሉ ነበር፤ መርከቧ ሌላ ጭነት ትታ ከሰል ብቻ መሸከም ይኖርባታል የሚል ክርክር ነበራቸው፡፡ ብሩኔል ግን ሒሳቡን አየው፡፡ የመርከብ ርዝመት፣ ስፋትና ጥልቀት እጥፍ ቢሆን የምትይዘው ጭነት 8 እጥፍ ይሆናል፤ ውኃው የሚያሳያት ተቃውሞ ግን የሚያድገው 4 እጥፍ ያህል ብቻ ነው፡፡ ስለዚህ መፍትሔው ትልቅ መርከብ መሥራት ነው፡፡

ግሬት ዌስተርን የተባለችው መርከቡ በብሪስቶል ተሠርታ ሐምሌ 1837 ወደ ውኃ ወረደች፡፡ አካሏ የኦክ እንጨት ሲሆን በብረት ማሰሪያዎች ተጠናክሮ ነበር፡፡ በሚያዝያ 1838 በ15 ቀናት ኒውዮርክ ስትደርስ 200 ቶን ያህል ከሰል ተርፏት ነበር፡፡ ክርክሩ ተዘጋ፡፡ ሌላ በር ግን ተከፈተ፤ ከዚህ የምትበልጥ መርከብ ለመሥራት እንጨት ወደ ልኩ ደርሶ ነበር፡፡

ቀጣይዋ ግሬት ብሪቴን የብረት ሆነች፡፡ ሐምሌ 1843 ወደ ውኃ የወረደችው ይህች መርከብ 98 ሜትር ርዝመት ነበራት፡፡ አካሏ በሪቬት ከተያያዙ የብረት ላሜራዎች የተሠራ ሲሆን፣ ከሥሯ 10 የብረት ተሸካሚዎች ከፊት ወደ ኋላ ተዘርግተው ነበር፡፡ ውኃ የማያሳልፉ 5 አግዳሚ ግድግዳዎች አካሏን በ6 ክፍሎች ከፋፍለውታል፡፡ በጎንና ጎን ከሚዞሩ መንኮራኩሮች ፈንታም ከኋላዋ ፕሮፔለር ተገጠመላት፡፡

ብረት የበለጠው በጥንካሬው ብቻ አልነበረም፡፡ በሪቬት የተያያዘ ላሜራ እንደ ሳንቃ አይንሸራተትም፤ መላው አካል አንድ ሆኖ ይሠራል፡፡ ተመጣጣኝ ጥንካሬ ካለው የእንጨት አካልም ይቀላል፤ ለጭነትና ለሰው የሚተርፈው ቦታ ይሰፋል፡፡

ፈተናው ሳይዘገይ መጣ፡፡ መስከረም 1846 ግሬት ብሪቴን በአየርላንድ የባሕር ዳርቻ በዳንድረም የባሕር ሰላጤ አሸዋና ድንጋይ ላይ ወጥታ ተተከለች፡፡ የክረምቱ ሞገድ እየደበደባት እስከ ነሐሴ 1847 ድረስ 11 ወራት ቆየች፡፡ የእንጨት መርከብ ብትሆን ፍርስራሿ ብቻ ይቀር ነበር፡፡ እሷ ግን ተጎተተች፣ ተጠገነች፣ እንደገና ሠራች፡፡ በ1970 ከፎክላንድ ደሴቶች ወደ ተወለደችበት ብሪስቶል ተመልሳ ዛሬም በሙዚየምነት ትጎበኛለች፡፡ የባለቤቶቿ ኩባንያ ከአደጋው ወጪ አላገገመም፤ የብረት አካል ጉዳይ ግን ከዚያ ወዲያ አከራካሪ መሆኑ ቀረ፡፡

ሁለት ቆዳ ያላት መርከብ

ጥር 31 ቀን 1858 ቴምዝ ወንዝ ላይ የወረደችው ግሬት ኢስተርን ከዘመኗ የቀደመች ነበረች፡፡ ርዝመቷ 211 ሜትር ሲሆን 4,000 ሰው እንድትይዝና መንገድ ላይ ከሰል ሳትሞላ እስከ አውስትራሊያ እንድትሄድ ታስባ የተሠራች ናት፡፡ ብሩኔል የሠራት ከመርከብ ሠሪው ከጆን ስኮት ራስል ጋር ነው፡፡ መጠኗ ብቻ እንኳ ያስገርማል፤ በርዝመት የምትበልጣት መርከብ የተገኘችው ከ40 ዓመት በኋላ በ1899 ነው፡፡ እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የውስጥ አሠራሯ ነው፡፡

በዚያን ጊዜ በዌልስ የተሠራው የብሪታኒያ የባቡር ድልድይ በ1850 ተከፍቶ ነበር፡፡ ሮበርት ስቲፈንሰንና ዊልያም ፌርቤርን ያቀዱት ይህ ድልድይ ያኔ ባቡር በውስጡ የሚያልፍበት ግዙፍ የብረት ሣጥን ነበር፡፡ በሙከራ እንደታየው ቀጭን ላሜራ ሲጨመቅ ቶሎ ይታጠፋል፡፡ ስለዚህ የሣጥኑን ጣሪያና ወለል በሁለት ላሜራዎች መካከል እንደ ንብ ቀፎ በተከፋፈሉ ክፍት ክፍሎች ሠሩት፡፡ ብሩኔል ይህንኑ ወደ መርከብ አመጣው፡፡ ግሬት ኢስተርን ላይኛው ወለሏ ድርብ፣ ሆዷም ድርብ ሆነ፡፡ በመርከቡ ርዝመት የተዘረጉ ተሸካሚዎች ሁለቱን ቆዳዎች ያያይዛሉ፡፡ በቆዳዎቹ መካከል 86 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ሲኖር፣ የውስጠኛው ቆዳ ከውኃው መስመር በላይ ድረስ በጎኗ ይወጣል፡፡ ከአግዳሚ ግድግዳዎቹ ሌላ በርዝመቷ የሚሄዱ ሁለት ግድግዳዎችም ነበሯት፡፡ ይህን ሁሉ ለማያያዝ 3 ሚሊዮን ያህል ሪቬት በእጅ ተመታ፡፡

ነሐሴ 27 ቀን 1862 ወደ ኒውዮርክ ስትቃረብ ካርታ ላይ ያልተመዘገበ አለት ሆዷን ቀደደው፡፡ የውጭው ቆዳ 25 ሜትር ርዝመትና 2.7 ሜትር ስፋት ያህል ተሰነጠቀ፡፡ የውስጠኛው ቆዳ ግን አልተነካም፡፡ መርከቧ በራሷ ኃይል ወደብ ገባች፡፡ እሷን የሚያስገባ የደረቅ መጠገኛ ስላልነበረ ሠራተኞች ከሥሯ ውኃ የማያስገባ የእንጨት ሣጥን ገጥመው በውስጡ ሆነው ጠገኗት፡፡

ታዲያ ይህች መርከብ ለምን ምሳሌ አልሆነችም? መልሱ ገንዘብ ነው፡፡ ግሬት ኢስተርን በተሳፋሪ ንግድ አንድም ቀን አትራፊ አልሆነችም፡፡ በ1866 የአትላንቲክን የቴሌግራፍ ገመድ በመዘርጋት ስሟ ቢጠራም በ1889 እና በ1890 ተፈታታ በቁርጥራጭ ብረትነት ተሸጠች፡፡ ባለሀብቶች ከእሷ የወሰዱት ትምህርት “ግዙፍ መርከብ ያከስራል፣ ድርብ ቆዳ ቅንጦት ነው” የሚል ነበር፡፡ የከሰረው የንግድ ዕቅዱ ነው፤ የተቀጣው ግን ድርብ ቆዳው ሆነ፡፡

ከብረት ወደ አረብ ብረት

ቀጣዩ እርምጃ የመጣው ከቤልፋስት ነው፡፡ ኤድዋርድ ሃርላንድ ላይኛውን የእንጨት ወለል በብረት ተካው፡፡ ነገሩ ቀላል ይመስላል፡፡ ግን ወለሉ ብረት ሲሆን መርከቧ ክዳን የሌለው ገንዳ መሆኗ ይቀርና የተዘጋ ሣጥን ትሆናለች፡፡ ክዳን የሌለው የካርቶን ሣጥን በእጅ ሲጠመዘዝና ክዳኑ ሲታሸግ ያለውን ልዩነት ማሰብ ይበቃል፡፡ ሃርላንድና ሸሪኩ ዎልፍ ለዋይት ስታር ኩባንያ የሠሯትና በ1871 ሥራ የጀመረችው ኦሺያኒክ 128 ሜትር ርዝመት ሲኖራት፣ ርዝመቷ የስፋቷ 10 እጥፍ ያህል ነበር፡፡ እንዲህ ቀጭንና ረጅም መርከብ በድሮው አሠራር አይታሰብም፡፡

በዚሁ ጊዜ ግምት ለስሌት ቦታውን መልቀቅ ጀመረ፡፡ ኤድዋርድ ሪድ በ1871 ባቀረበው ጥናት የመርከብ ክብደትና የውኃው ድጋፍ በየቦታው እኩል አለመሆኑን፣ ከልዩነቱም በወገቧ ላይ የሚመጣውን ጭንቀት በሥዕላዊ ስሌት አሳየ፡፡ ንድፍ አውጪዎች መርከቧን በርዝመቷ ልክ በሆነ፣ ከፍታው የርዝመቱ አንድ ሃያኛ በሆነ ሞገድ ላይ በወረቀት “እያስቀመጡ” ማስላት ለመዱ፡፡ በ1903 ደግሞ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ዎልፍ የተባለችን የጦር መርከብ በደረቅ መጠገኛ ውስጥ አንዴ በመሀሏ፣ አንዴ በሁለት ጫፎቿ አስደግፎ ውኃውን እያጎደለ መጉበጧን ለካ፡፡ ስሌቱ በእውነተኛ መርከብ ተፈተነ፡፡

ከ1880 ወዲህ ደግሞ አረብ ብረት ተራውን ወሰደ፡፡ የሲመንስና የማርቲን ምድጃ ጥራቱ የማይዋዥቅ አረብ ብረት በብዛት ማምረት ሲችል፣ መርከብ ሠሪዎች ቀጠን ያለ ላሜራ ተጠቅመው ያንኑ ጥንካሬ አገኙ፡፡ በ1881 የተጠናቀቀችው የኩናርድ ኩባንያ ሰርቪያ 157 ሜትር ርዝመት ያላት የአረብ ብረት መርከብ ነበረች፡፡

ስለ ግድግዳዎች ጥሩው ምሳሌ ሲቲ ኦፍ ፓሪስ ናት፡፡ ንድፏን ያወጣው ጆን ቢልስ 15 አግዳሚ ግድግዳዎችን ከፍ አድርጎ፣ ከታች በር ሳያበጅላቸው ሠራቸው፡፡ ለሠራተኛው አድካሚ ነበር፤ ከክፍል ወደ ክፍል ለመሄድ ወጥቶ መውረድ ግድ ነው፡፡ መጋቢት 1890 አየርላንድ አጠገብ ከሁለቱ ሞተሮቿ አንዱ ተሰባብሮ በሞተሮቹ መካከል ያለውን ግድግዳ በሳ፣ ሁለቱም የሞተር ክፍሎች በውኃ ተሞሉ፡፡ መርከቧ ግን አልሰጠመችም፡፡ በር የሌላቸው ግድግዳዎች ሥራቸውን ሠሩ፡፡

የፍጥነት ዘመን

በ1907 ሥራ የጀመሩት ሉሲታኒያና ሞሪታኒያ 240 ሜትር ገደማ ርዝመትና 25 ኖት ፍጥነት ነበራቸው፡፡ ከፍተኛ ውጥረት በሚያርፍበት የላይኛው አካላቸው ላይ ከተለመደው የጠነከረ አረብ ብረት ገባ፡፡ ፍጥነት ግን አዲስ ችግር አመጣ፡፡ ሉሲታኒያ በሙከራ ጉዞዋ የኋላ ክፍሏ ክፉኛ ስለተንቀጠቀጠ የ2ኛ ማዕረግ ክፍሎች ፈርሰው ተጨማሪ ምሰሶዎችና ማጠናከሪያዎች ገቡ፡፡

ከዚህ የከፋው ጉዳይ በጎኗ ነበር፡፡ የከሰል ማከማቻዎቹ በሁለቱ ጎኖቿ ርዝመት ተሠርተው ነበር፤ በጦርነት ጊዜ ለቦይለሮቹ ጋሻ እንዲሆኑ ነው፡፡ ግን በአንድ ጎን ውኃ ሲገባ መርከቧ ወደዚያው ጎን ትዘነብላለች፡፡ ግንቦት 7 ቀን 1915 የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ በቶርፒዶ ሲመታት ወዲያው አዘነበለች፤ ከከፊሉ ጀልባዎቿ መጠቀም አልተቻለም፡፡ በ18 ደቂቃ ሰጥማ ወደ 1,200 ሰዎች አለቁ፡፡

ታይታኒክና እህቷ ኦሎምፒክ የሌላ ኩባንያ መልስ ነበሩ፡፡ ንድፋቸው ግዴለሽ አልነበረም፡፡ ድርብ ሆድና 15 አግዳሚ ግድግዳዎች ነበሯቸው፤ ተከታታይ የሆኑ ማናቸውም ሁለት ክፍሎች ቢሞሉ ይንሳፈፋሉ፡፡ ላይኛው ቤት የወገቡን ጭንቀት እንዳይካፈልና እንዳይሰነጠቅ በትልልቅ ሕንፃዎች እንደምናየው ዓይነት ሁለት ኤክስፓንሽን ጆይንት ተደርጎለታል፡፡ ነገር ግን ድርቡ ቆዳ ከሆዷ ወደ ጎኖቿ አይወጣም፡፡ በርዝመቷ የሚሄዱ ግድግዳዎችም የሏትም፡፡ ከአግዳሚዎቹ ግድግዳዎች ብዙዎቹ ከውኃው መስመር በላይ 3 ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚወጡት፤ ከፍ ቢሉ ሰፋፊዎቹን የተሳፋሪ አዳራሾችና መተላለፊያዎች ይቆርጡ ነበር፡፡

ሚያዝያ 14 ቀን 1912 የበረዶ ግግሩ የነካት ከድርቡ ሆድ በላይ በጎኗ ነው፡፡ የግንባታ ድርጅቱ ባለሙያ ኤድዋርድ ዋይልዲንግ በምርመራው ላይ እንዳሰላው የተከፈተው ቀዳዳ ሁሉ ተደምሮ 1.1 ካሬ ሜትር ያህል ነበር፡፡ ግሬት ኢስተርን በ25 ሜትር ስንጥቅ ወደብ መግባቷን እዚህ ላይ እናስታውስ፡፡ በእርግጥ ሁለቱ አደጋዎች አንድ ዓይነት አይደሉም፡፡ የታይታኒክ ቀዳዳዎች ጠባብ ቢሆኑም ብዙ ክፍሎችን ተከታትለው ከፍተዋል፡፡ ድርብ ጎን ቢኖራት ትተርፍ ነበር ብሎ መማልም አይቻልም፡፡ ሆኖም ፊቷ ሲጠልቅ ውኃው ከአጭሩ ግድግዳ አናት እየፈሰሰ ወደ ቀጣዩ ክፍል መግባቱ፣ ከዚያም ወደ ሌላው ማለፉ የንድፍ ምርጫ ውጤት ነው፡፡

ሪቬቶቹም የራሳቸው ታሪክ አላቸው፡፡ በመሀለኛው አካሏ በሃይድሮሊክ ማሽን የተመቱ የአረብ ብረት ሪቬቶች ነበሩ፡፡ ማሽኑ በማያመችበት ፊትና ኋላ ግን ተራ የብረት ሪቬቶች በእጅ ተመቱ፡፡ ከፍርስራሹ የወጡ ሪቬቶችን የመረመሩ ተመራማሪዎች ከፊሎቹ ውስጥ ከልክ ያለፈ የማቅለጫ ዝቃጭ አግኝተዋል፤ የበረዶ ግግሩ የመታው ደግሞ ፊቷን ነው፡፡ በዚህ ላይ የሚከራከሩ ባለሙያዎች አሉ፡፡ የማያከራክረው በ1985 የታየው ነው፤ ፍርስራሹ 3,800 ሜትር ጥልቀት ላይ ለሁለት ተሰብሮ ተገኘ፡፡ ፊቷ ሲሰጥም የኋላ ክፍሏ አየር ላይ ተንጠለጠለ፣ ላይኛው ወለል ከአቅሙ በላይ ተወጠረ፣ ወገቧ ተቆረጠ፡፡ ማንም ንድፍ አውጪ መርከብ ያንን እንድትሸከም አያሰላም፡፡

ወደ ተጣለው መመለስ

ቀጥሎ የሆነውን ልብ ይሏል፡፡ ኦሎምፒክ በ1912 መጨረሻ ወደ ቤልፋስት ተመልሳ በቦይለርና በሞተር ክፍሎቿ ጎን የውስጥ ቆዳ ተሠራላት፤ ከግድግዳዎቿም 5ቱ ከፍ ተደረጉ፡፡ በብሩኔል መርከብ የነበረው ከ54 ዓመት በኋላ ተመልሶ ገባ ማለት ነው፡፡ ኦሎምፒክ ከዚያ በኋላ እስከ 1935 ድረስ አገለገለች፡፡ ታናሿ ብሪታኒክ ድርብ ጎንና ከፍ ያሉ ግድግዳዎች ይዛ ብትሠራም ኅዳር 1916 በግሪክ ኬያ ደሴት አጠገብ ፈንጂ መትቷት በ55 ደቂቃ ሰጠመች፤ 30 ሰዎች ሞቱ፡፡ ለአየር ተብለው ክፍት የተተዉት መስኮቶቿ ለውኃው በር ሆነውት ነበር፡፡ ጥሩ ንድፍ ያለ ጥሩ አጠቃቀም ምሉዕ እንዳልሆነ ያስተምራል፡፡

በመርከቡ ርዝመት የሚዘረጋው የብሩኔልና የራስል ተሸካሚም እንዲሁ ተረስቶ ቆይቷል፡፡ ሠሪዎች በእንጨት ዘመን ልማድ ከጎን ወደ ጎን የሚሄድ ጎድን አጥንት ማብዛቱን ቀጥለው ነበር፡፡ ጆሴፍ ኢሸርውድ በ1906 የርዝመት ተሸካሚን ሥርዓት በፓተንት አስመዝግቦ ለነዳጅ ጫኝ መርከቦች መልሶ አመጣው፡፡ ድርብ ቆዳም ለነዳጅ ጫኞች ግዴታ የሆነው የኤክሰን ቫልዴዝ አደጋ በ1989 ከደረሰ በኋላ ነው፤ አሜሪካ በ1990፣ ዓለም አቀፉ ስምምነት ደግሞ በ1992 ደነገጉት፡፡

የወገቡ ጥያቄ ዛሬም አልተዘጋም፡፡ ሰኔ 2013 ኤም ኦ ኤል ኮምፈርት የተባለች 316 ሜትር ርዝመት ያላት የኮንቴይነር መርከብ ከሲንጋፖር ወደ ጅዳ ስትጓዝ ከየመን ጠረፍ 200 የባሕር ማይል ያህል ርቀት ላይ ከወገቧ ለሁለት ተቆረጠች፡፡ ገና 5 ዓመቷ ነበር፡፡ 26ቱም ሠራተኞች ተረፉ፡፡ ይህ ለእኛ የሩቅ ባሕር አይደለም፤ ከሩቅ ምሥራቅ ወደ ጅቡቲ የሚመጣው ዕቃችን የሚያልፈው በዚሁ አቅጣጫ ነው፡፡

ከዚህ ታሪክ እኔ የምወስደው አንድ ነገር ነው፡፡ የአትላንቲክ ተሳፋሪ ትኬት ሲቆርጥ የሚያየው ፍጥነቱን፣ ምንጣፉንና የመመገቢያ አዳራሹን ነበር፡፡ ሁለተኛውን ቆዳ የሚያይ አልነበረም፤ የማይታይ ጥንካሬ ደግሞ ወጪ ሲቀነስ ቀድሞ የሚነካ ነው፡፡ ዕውቀቱ በ1858 ነበር፡፡ የጎደለው፣ ባለቤቱ የማይፈልገውን ወጪ የሚያስገድድ ደንብ ነበር፤ የባሕር ላይ ደኅንነት ዓለም አቀፍ ስምምነት የተፈረመው በጥር 1914 ነው፡፡ ለዚያ ፊርማ ወደ 1,500 የሚጠጉ የታይታኒክ ሰዎች ሕይወት ተከፍሏል፡፡

ቸር እንሰንብት፡፡